አምስተኛው ድምፅ

ወረታ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የሩዝ ገለባ ሽታ ነው። ብናኙ ከመፈልፈያ ወፍጮዎቹ እየተነሣ ዐይን ውስጥ ይገባል፣ ከንፈር ላይ ይቀመጣል። በእኔ ልጅነት በፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚዘራ ሰው አላየሁም። ጤፍ ነበር፣ ዳጉሳ ነበር፣ ኑግና ጓያ ነበር። የከተማው ሽታም የኩበት ጭስ ነበር። ስለዚህ ሽታው ምንም አላስታወሰኝም። ያስታወሰኝ ወረቀት ነው።

የመጣሁት ለዘመድ ለቅሶ ነበር። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ አለኝ። ለመምህር አክሊሉ የምስጋና ቀን አዘጋጅተው ኖሯል፤ መጽሔትም ያሳትማሉ።

«እናታችን፣ እርስዎም የእሳቸው ተማሪ እንደነበሩ ሰማን። አንዲት ትዝታ ቢጽፉልን? መልካም መልካሙን።»

«አለ እንዴ?» አልሁ።

«አሉ እንጅ! አርጅተዋል እንጅ ደኅና ናቸው። ሲናገሩ ቢሰሟቸው አሁንም ያስቃሉ።»

የመጽሔቱን ረቂቅ ሰጠኝ። መነጽሬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርሁ። ከሸዋ ድረስ መጥተው፣ ረግረግና ወባ ሳይሉ፣ ትውልድ አፍርተው… እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ወደ ዐይኔ አስጠጋሁት። መምህሩ ከማስተማር አልፈው የአካባቢውን ሰው አነጋገር መርምረዋል፣ የፎገራ ሰው ሌላውን ሲንቅ የሚያሰማቸውን፣ እስከዚያ ድረስ ስም ያልነበራቸውን ድምፆች ለይተው ስም አግኝተውላቸዋል ይላል። ስሞቹም ተጽፈዋል። ኩበት ሰበራ። የረግረግ እግር። የበሬ ትንፋሽ። የጨዋ ሳል።

አራቱንም ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

«ደነገጡ እንዴ?» አለኝ ጎልማሳው።

«ሙቀቱ ነው» አልሁት።

እንግዲህ ጻፊ ተብያለሁ፣ ጽፌያለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። መምህር አክሊሉንም ያሳደገችኝን አክስቴንም «እርስዎ» እያልሁ ነው ያደግሁት። እዚህ ላይ ግን እሱ እና እሷ እላለሁ። ያኔ ከነበራቸው ዕድሜ ዛሬ የእኔ ይበልጣል፤ ይገባኛል።

*

አባቴ ከርብ ወንዝ ማዶ ነበር የሚያርሰው። እዚያ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ወረታ ታላቅ እህቱ ዘንድ አስቀመጠኝ። ስሟ ዘነበች ነው፤ እሱ «እታለም» ስለሚላት እኔም እታለም አልኋት። ባሏ የሞተባት፣ እህል የምትነግድ፣ ግቢዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ጥቂት የሆነች ሴት ነበረች። ለአፌ እህል፣ ለጀርባዬ ልብስ አልከለከለችኝም። ይህን ያልጻፍሁ እንደሆነ ሐሰተኛ እባላለሁና ጽፌዋለሁ።

የእኔ ሥራ ኩበት ነበር። ሜዳው ዛፍ የለውም፤ የሚነደው ከብቱ የጣለው ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እበቱን ከጭድ ጋር በእግሬ እረግጣለሁ፣ በእጄ አድበልብዬ ከግቢው ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ክረምት ሳይገባ ቤት ሙሉ ኩበት መከመር አለበት። መድረቁ የሚታወቀው ጫፉን ሰበር ሲያደርጉት ነው። ቀጭ ካለ ደርቋል። ካላለ ገና ነው።

እታለም ያንኑ ድምፅ በአፏ ታወጣው ነበር። ምላሷን ከላይኛው ጥርሷ ሥር አጣብቃ ትለቀዋለች፤ ቀጭ። መጀመሪያ ያሰብሁት ጥርሷ ውስጥ የገባ ነገር አለ ብዬ ነው። አንድ ቀን እንግዶች ተቀምጠው ስለ እናቴ አንሥተው ሲያወሩ ቀጭ አለች። ተነሣሁና፣

«እታለም፣ ስንጥር ላምጣልዎ?» አልኋት።

እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዷ «ይችስ ጉድ ናት! ጥርስሽን ልጎርጉርልሽ ነው የምትልሽ!» አለቻት። እታለም አልሳቀችም። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ቀጭ አለች። ያን ጊዜ ነው የጥርስ ነገር አለመሆኑ የገባኝ። ከዚያ በኋላ ስቆጥረው የእናቴ ስም በተነሣ ቁጥር ነው። የእናቴ ወገን ድሃ ነው፣ ከብት የለውም፤ አባቴ ከዚያ ወገን በማግባቱ እታለም አንድም ቀን በቃል አልወቀሰችም። በቃል ብትወቅስ ኖሮ መልስ ይኖረኝ ነበር።

እንዲህ በድምፅ የምታባርረው እኔን ብቻ አልነበረም። ወርቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሸክላ ሠሪን ሰው ይፈልጋታል፣ ይንቃታልም፤ ሁለቱን ባንድ ቀን። ገበያ ላይ እንስራ የሚገዛ ሰው በጣቱ ቋ ቋ አድርጎ ይመታውና ጆሮውን ያስጠጋል። ጤነኛው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይደፈናል። ገዢዎች እንዲህ ሲያዳምጡ እታለም በዚያ ካለፈች ቀጭ ትላለች። አንዲት ቃል አትናገርም። ገዢዋ ግን እንስራውን ቀስ አድርጋ መሬት ታስቀምጥና ትሄዳለች።

ወርቄ ታግሣ ታግሣ አንድ እሑድ ሽማግሌ ፊት ቆመች። በእኛ ሰፈር ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ሾላው ሥር ይቀመጣሉ። ሰብሳቢው መሪጌታ ፈንታ ነበሩ። እዚያ የስድብ ክስ አንድ ደንብ አለው። «ሰደበችኝ» አይበቃም። ቃሉ እንዳለ ይደገማል፤ ቃል ካልመጣ ክስ የለም።

«ቃሉን አምጭ» አሏት መሪጌታ።

«ቃል የለውም አባቴ። እንዲህ ነው የምትለኝ» አለችና ወርቄ ልታሰማ ሞከረች። የፊት ጥርስ አልነበራትም፤ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ፤ ሕፃን ጡት ሲጠባ የሚሰማ ዓይነት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ እሷም ትስቅ እንደሆነ አላየሁም።

«ወርቄ፣ ለድምፅ ካሣ የለም» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲያ ውሻ ብላኝ በሆነ ደግ ነበር!» አለች ወርቄ። «ውሻ መባል ዳኛ አለው!» እያለች ወጣች።

እኔም ስቄ ነበር። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

*

በሳምንቱ እታለም ለካህናቱ ድርጎ ላከችኝ። መሪጌታ ፈንታ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ብራና ሲፍቁ አገኘኋቸው። እንደሌሎቹ ትልልቅ ሰዎች ሕፃን ሲናገር አቋርጠው ሌላ ሰው የሚያናግሩ አልነበሩም። ስለዚህ ጠየቅኋቸው።

«መሪጌታ፣ እታለም ወርቄን የምትላት ነገር ስም የለውም?»

ብራናውን ከጭናቸው ላይ አወረዱ። «ምን ያረግልሻል?»

«እንዲያው።»

«ማሽሟጠጥ አለ፣ ማንጓጠጥ አለ፣ ማናናቅ አለ። እነዚህ ግን የሰውየው የሥራው ስም ናቸው እንጅ የድምፁ ስም አይዶሉም። ድምፁ ስም የለውም። ስም የሌለውን ነገር ማንም አይከስም፣ ልጄ። የአባትሽ ላም ብትጠፋ ‹ቦራ ናት፣ ዳማ ናት› ብለሽ መልኳን ካልተናገርሽ ማን ፈልጎ ያመጣልሻል?»

በዚያው ቀን ከሒሳብ ደብተሬ ጀርባ መጻፍ ጀመርሁ። ክስ አስቤ አይደለም። ላሟን በመልኳ መጥራት አማረኝ። የእታለም ድምፅ ስም ለማግኘት ሩቅ አልሄድሁም፤ ቀኑን ሙሉ እጄ ላይ ነበረ። ኩበት ሰበራ አልሁት። ከስሙ ሥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያለውን ሰው፣ የተባለበትን ሰው አሰፈርሁ። አጻጻፉን የወሰድሁት እታለም የእህል ጆንያዎቿን ከምታስመዘግበው መዝገብ ነው።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ለካ ሰው ይህን ያህል አፉን ሳይከፍት ይናገራል! የጎረቤታችን ሴት የሰው ችግር ሲነገራት ከንፈሯን የምትመጠው እውነት እያዘነች ይመስለኝ ነበር። ደጋግሜ ስሰማው ሁለት ዓይነት ሆነ። አንደኛው ደረቅ ነው፣ እሱ ሐዘን ነው። ሁለተኛው ርጥብና ረዥም ነው፤ እግር ከጭቃ ሲወጣ የሚያሰማው። በሱ የተመጠጠለት ሰው ዳግመኛ በዚያ ቤት ቁም ነገር አይጠየቅም። የረግረግ እግር አልሁት። በአፍንጫ የሚለቀቀው የበሬ ትንፋሽ ሆነ። ገበሬ ጉዳዩን ማስረዳት ሲጀምር ቢሮ ውስጥ ያለው ሰውዬ የሚስላት ትንሽ ደረቅ ሳል አለች፤ እሷን የጨዋ ሳል አልኋት።

መምህር አክሊሉ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስጽፍ ያዘኝ። ደብተሩን ነጠቀኝና ማንበብ ጀመረ። እጄን ለአለንጋ ዘርግቼ ቆምሁ። አልመታኝም። ሳቀ፤ ሳቁም ደስ የሚል ነበር፣ አልክድም።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«እኔ እኮ ይህን ነገር ስፈልግ ሁለት ዓመቴ!» አለ ወደ ክፍሉ ዞሮ። «እናንተ ፎገሮች አፋችሁን ሳትከፍቱ ሰው ትገድላላችሁ። እኔ ደግሞ መሞቴን የማውቀው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓርብ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አስነሥቶ ያስነብበኝ ነበር። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሱም ድምፆቹን ይሞክራል። ኩበት ሰበራ ፈጽሞ አልሆነለትም። እያነበብሁ በራሱ ማስታወሻ ላይ ይገለብጥ ነበር፤ በዐይኔ አይቻለሁ። «ታንጉት፣ አንቺ ቃል ትወልጃለሽ» ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ኩበት ስረግጥ ሳይቀር በአፌ እየደገምሁ እስቅ ነበር። ትወደኛለህ ወይ ተብሎ የማይጠየቅ ሰው አለ፤ እሱ ለእኔ እንዲያ ነበረ።

አምስተኛውን ያገኘሁት ሴቶች ዳጉሳ ሲያነፍሱ ነው። እብቁን በሰፌድ ያዘሩና ሰፌዱ ላይ የቀረችውን በአፋቸው እፍ ይሏታል። አንዲት ሚስኪን ልጇን ለሥራ ልታስቀጥር መጥታ ከሴቶቹ አንዷን ስትለምን፣ ሴትዮዋ አንገቷን ወደ ጎን መለስ አድርጋ፣ የታችኛውን ከንፈሯን አውጥታ እፍ አለች። ሚስኪኗ አንዲት ነገር ሳትጨምር ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የእብቅ እፍታ ብዬ ጻፍሁት።

መምህር አክሊሉ ይህን ከሁሉ ወደደው። ትርጉሙን ጠየቀኝ።

«‹ፍሬ የለውም፣ ነፋስ ይውሰደው› ማለት ነው» አልሁት። «ከእሱ በኋላ ቃል አይጨመርም። የተባለበትም ሰው መልሶ አይጠይቅም። አልቋል ማለት ነው።»

«እንዲህ?» አለና እፍ አለ።

«አይዶለም። አንገትዎ ዞር ይበል። አንገት ካልዞረ ሻይ ማቀዝቀዝ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ደጋግሞ ሞከረው። ሦስተኛው ላይ ሆነለት፤ አጨበጨብሁለት።

*

በዚያው ዓመት የስድስተኛ ክፍል ፈተና ወሰድሁ። ክረምቱ ከባድ ሆኖ መጣ። ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኛ፤ ከከተማው ጫፍ ቆሜ ሳይ የማያቸው የጎጆ ጫፎችና ውሃው ውስጥ የቆሙ ከብቶች ቀንድ ነበር። የኩበት ቤቱን ሞልቼዋለሁና እኔ ሥራ አልነበረኝም፤ ውጤት እጠብቅ ነበር። ነሐሴ ላይ መጣ። አልፌያለሁ፤ ከወረታ ሴቶች ልጆች የሚበልጠኝ አልነበረም።

አባቴ ወሬው ደርሶት አንድ ቅዳሜ ከተፍ አለ። ግማሹን መንገድ በታንኳ፣ ግማሹን በእግሩ ነበር የመጣው፤ እስከ ጭኑ ጭቃ ነው። ሌላም ወሬ ይዟል። ይፋግ ያለ አንድ ባለከብት ለልጁ ሽማግሌ ልኮበታል።

«ልጂቱን ሰባተኛ ላስገባት ወይስ ልዳራት?» አላት እታለምን።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፤ ያስተማራትን ጠይቅ» አለች።

አባቴ ፊደል አይቆጥርም። የተማረ ሰው ያለው ነገር ለእሱ ከቅዱስ መጽሐፍ ቀጥሎ ነው። በቅል ቅቤ አስይዞኝ መምህር አክሊሉ ወደተከራየበት ቤት ሄድን። ልቤ ሞልቶ ነበር። ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ «ቃል ትወልዳለች» ነው የሚለው። አባቴ ግቢው ጋ ሲደርስ ቅቤውን ተቀብሎኝ «አንች እዚህ ሁኚ» አለኝ። ጓሮው በቆሎ ነበረው፤ በቆሎው ውስጥ ገብቼ ቆምሁ። በረንዳው ፊት ለፊቴ ነው።

መምህር አክሊሉ ከሁለት የቢሮ ሰዎች ጋር ካርታ ይጫወታል። ሁለቱም እንደሱ ከሌላ አገር ተሹመው የመጡ ናቸው። አባቴ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«መምህር፣ የታንጉት አባት ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ። ይፋግ ሰው ልኮብኛል። እርስዎ ትማር ካሉ እመልሳቸዋለሁ። አይሆንም ካሉም ልጂቱን ይዣት እገባለሁ። እንደ አፍዎ ነው።»

መምህር አክሊሉ አባቴን አየው። ከዚያ ጓደኞቹን አየ። ዐይኑ ላይ ያ ዓርብ ዓርብ የማውቀው ሳቅ መጣ። አንገቱን ወደ ጎን መለስ አደረገ፣ የታችኛውን ከንፈሩን አወጣ፣ እፍ አለ።

የቢሮ ሰዎቹ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። «ቁርጥ እነሱን! ድገመው እስቲ!» አለ አንደኛው።

በሕይወቴ ብዙ ነገር አስደንግጦኛል፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ጆሮዬ ውስጥ ውሃ የሞላ መሰለኝ፤ በቆሎው ሲንኮሻኮሽ አየዋለሁ፣ አልሰማውም። ያስደነገጠኝ መናቁ አልነበረም። መናቅ ለምጄዋለሁ። አንገቱን ማዞሩ ነው። አንገትዎ ዞር ይበል ያልሁት እኔ ነኝ።

አባቴ የሜዳ ሰው ነው። የእብቅ እፍታ የተባለበት ሰው መልሶ አይጠይቅም። ቅቤውን ደረጃው ላይ አስቀመጠ፣ «እግዜር ያክብርልኝ» አለ፣ ዞረ። መምህር አክሊሉ ገና እየሳቀ «ኧረ ቆይ አባቴ፣ ቁጭ በል» ያለ መሰለኝ። ብሎም ከሆነ አባቴ አልሰማውም፤ ወይ ሰምቶ የሳቁ ቀጣይ መስሎታል። እኔንም ከበቆሎው ስወጣ በእጁ ያዘኝ። ቤት እስክንገባ ድረስ አልለቀቀኝም።

እታለም ደጃፍ ላይ ጓያ ትለቅማለች።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይዣት ልሄድ ነው» አላት።

«መምህሩ ምን አለ?»

«እፍ አለ።»

«በማን ላይ?»

«በልጂቱ።»

የእታለም እጅ ጓያው ውስጥ ቆመ። ኩበት ሰበራዋን ጠበቅሁ። አልመጣም። ቀስ ብላ «ጓዟን አልጠቀለልሁም» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። አዘነችልኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያ ሁሉ ኩበት በማን እጅ እንደተሠራ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

*

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር እንደተቀመጡ ደብተሬን ይዤ መሐል ገባሁ። መምህር አክሊሉ ከሹማምንቱ ጋር ነጠላ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። እኔን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ዓርብ መሰለው መሰለኝ።

«መሪጌታ፣ ክስ አለኝ» አልሁ።

ሰው አጉረመረመ። የበሬ ትንፋሽም ሰማሁ፤ ከማን እንደወጣ እነግራችሁ ነበር፣ ግን የሰውዬው ልጆች አሁንም ወረታ ናቸው።

«ልጅ አይከስም» አሉ መሪጌታ። «አባትሽ ይቁምልሽ።»

አባቴ መሬት መሬት አየ። «እኔ ነገር የለኝም። ይዣት እሄዳለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ ወገን አንዲት ሴት ተነሣች። እታለም ነበረች።

«ከእኔ ቤት ነው የምትኖረው። እኔን ከሳሽ በሉኝ። መምህሩን ነው።»

«ቃሉን አምጭ» አሏት።

«እሷ ጽፋዋለች።»

መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ፤ ደብተሩን ተቀበሉ፤ አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ። «ከመካከል የተነበበ ነገር አይታመንም። ከመጀመሪያው አንብቢ» አሉ።

ይህን አላሰብሁትም። የመጀመሪያው ገጽ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቀና ብዬ እታለምን አየኋት። ቆማለች። ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሸክላ ሠሪዋ ወርቄም ቆማለች።

«አንብቢ እንጅ» አለች እታለም።

«ኩበት ሰበራ» ብዬ ጀመርሁ። «ምላስን ከላይኛው ጥርስ አጣብቆ መልቀቅ ነው። ‹አንቺ ከሰው አትቆጠሪም› ማለት ነው። ያለችው እታለም ዘነበች፤ በእናቴ ላይ፣ እንግዶች ባሉበት። ያለችው እታለም ዘነበች፤ በወርቄ ላይ፣ ገበያ ውስጥ፣ ሴትዮዋ እንስራ እየመታች ስታዳምጥ፤ ሴትዮዋ እንስራውን ትታ ሄደች። ያለችው እታለም ዘነበች…»

አንድ ገጽ ሙሉ ነበር። የሚስቅ ሰው አልነበረም። የመጨረሻውን መስመር ስጨርስ መሪጌታ ወደ እታለም ዞሩ።

«ብለሻል?»

በወርቄ ጊዜ እንደተባለው እሷም «ምን አልሁ? ቃሉን አምጡ» ልትል ትችል ነበር። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ብያለሁ» አለች። «አሁን የመምህሩን አንብቢ።»

አነበብሁ። የእብቅ እፍታን፣ ትርጉሙን፣ አንገት መዞር እንዳለበት፣ ቅዳሜ በረንዳው ላይ በእኔ ላይ መባሉን። መምህር አክሊሉ ሳቀ፤ ግን ሳቁ ብቻውን ቀረ።

«ጎበዝ፣ ቀልድ ነው እኮ! ከእሷው ነው የተማርኩት። ለጓደኞቼ ላሳያቸው ብዬ ነው።»

«ቀልድ ነው?» አሉ መሪጌታ። «እንግዲያ ቀልዱን በአማርኛ በለው። ያ ሰው ውሃ ተሻግሮ መጥቶ ልጄ ትማር ወይ አለህ። ምን ብለህ መለስህለት?»

መምህር አክሊሉ ተነሣ። ያን ሁሉ ጊዜ ፊታችን ቆሞ ሲናገር ቃል ሲያጥረው አይቼው አላውቅም። አባቴን አየ፤ እኔን ግን አላየኝም።

«ልጅቷ… ጎበዝ ናት» አለ። «ትማር።»

«ይህን ትናንት ማን ከለከለህ?»

መሪጌታ አባቴን «ሰማህ?» አሉት። አባቴ «ሰማሁ። ትማር» አለ። ሌላ አልተባለም። ይፋግ ላሉት ሰዎች እምቢታው በዚያው ሳምንት ሄደ።

ወርቄ ግን ከአጥሩ ሥር «የእኔስ?» አለች። የእሷም ተፈረደላት። በሚቀጥለው ገበያ እታለም ሰው ሁሉ እያየ ከወርቄ ፊት ቆመች። አንድ እንስራ አንሥታ ቋ ቋ አደረገች፣ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። «ጤነኛ ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። በራሷ ጀርባ አዝላ ገባች፤ ለእኔ አልሰጠችኝም።

ሰባተኛን በእሷ ቤት ሆኜ ተማርሁ፤ ስምንተኛንም። ከዚያ እሑድ በኋላ ኩበት ሰበራዋን ሰምቼ አላውቅም። ሌላም አልሰማሁም። «ብይ»፣ «ጠጪ»፣ «ግቢ» ትለኛለች፤ የእናቴ ስም ሲነሣ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ይቅርታ ይሁን ቅጣት ዛሬም አላወቅሁም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አዳምጬው ስም አላወጣሁለትም። አላመሰግናትም። ግን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ብያለሁ» ያለች አንዲት ሰው እሷ ናት።

መምህር አክሊሉ ዓርብ ዓርብ ማስነበቡን ተወ። ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ሰዓቱን ያያል።

አሁን ወደዚያ ወረቀት ልመለስ። ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንቀጹን ደግሜ ደጋግሜ ያነበብሁት ስሜን ፍለጋ አይደለም። ስሜ እንደሌለ በመጀመሪያው ንባብ አይቻለሁ። የምቆጥረው ድምፆቹን ነበር። ኩበት ሰበራ፣ የረግረግ እግር፣ የበሬ ትንፋሽ፣ የጨዋ ሳል። አምስቱንም ከእኔ ሲገለብጥ አይቻለሁ። አምስተኛውን ከሁሉ አብልጦ ይወደው ነበር፤ የሆነለትም እሱ ብቻ ነው።

«ይህን ዝርዝር ማን ሰጣችሁ?» አልሁት ጎልማሳውን።

«ራሳቸው ናቸው በእጃቸው የጻፉልን። እነዚህ ብቻ ናቸው አሉ።»

«አንድ ጎድሏል» አልሁት፤ እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከአራቱ ሥር ጻፍሁለት።